ኃይለኛውንና ደካማውን የባክቴሪያ ስትሬን በጂኖም ለማነጻጸር፦ ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ከላቦራቶሪ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «አንዱ በሽታ የሚያስይዝ፣ ሌላው የማያስይዝ ሁለት ስትሬኖች አሉኝ፤ ጂኖማቸውን አነጻጽሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልዩነቶች አገኘሁ፤ ምክንያቱ የትኛው ነው?» ስትሬን ማለት የአንድ ባክቴሪያ ዝርያ ንዑስ ዓይነት፣ ጂኖም ደግሞ የዲኤንኤው ሙሉ ጽሑፍ ነው፤ የጽሑፉ ፊደሎች (ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ) ቤዝ ይባላሉ። ልዩነት ማግኘት ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይደረድርልዎታል። የሚከብደው ከተደረደሩት ውስጥ ከበሽታው ጋር ግንኙነት የሌላቸውን፣ እንዲያውም ከነጭራሹ የሌሉትን አንድ በአንድ እየለዩ ማስወጣት ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት ለዚሁ የማጣራት ሥራ ነው።

በምሳሌነት የምንጠቀመው በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ፣ በማይኮባክቴሪየም ቲዩበርክሎሲስ ነው። ኤች37አርቪ እና ኤች37አርኤ ኤች37 ከሚባል አንድ ናሙና የወጡ እኅትማማች ስትሬኖች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በጊኒ ፒግና በአይጥ ላይ በሽታ ያስይዛል፣ ሁለተኛው ግን ይህን ኃይል አጥቷል። የሁለቱም ጂኖም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ መመሪያውን በእነርሱ ተለማምደው ወደ ራስዎ ናሙና መሄድ ይችላሉ። ፕሮግራሞቹን በስም እጠቅሳለሁ እንጂ ትእዛዞቹን አልጽፍም፤ ትእዛዞች ከእትም እትም ስለሚለያዩ የየፕሮግራሙን የእገዛ ገጽ መመልከቱ ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሊኑክስ የተጫነበት፣ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም እና 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ኮምፒውተር። የባክቴሪያ ጂኖም ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ሰርቨር አያስፈልግም።
- የሁለቱ ስትሬኖች የተሟሉ ጂኖሞች በፋስታ ፋይል (የቤዞቹ ቅደም ተከተል በሚጻፍበት ፋይል)፣ ከነጂን ማብራሪያቸው (የትኛው ጂን የት እንዳለ ከሚያሳየው ዝርዝር ጋር)።
- የሁለቱም ጥሬ ሪዶች (ማሽኑ አንድ በአንድ ያነበባቸው የዲኤንኤ ቁራጮች) በፋስትኪው ፋይል። የተሟላው ጂኖም ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱን በደረጃ 5 እና 7 ያዩታል።
- የሦስተኛ ስትሬን ጂኖም፣ ለምስክርነት። በእኛ ምሳሌ ሲዲሲ1551 የተባለውና ከታማሚ የተገኘው ስትሬን ነው።
- ፕሮግራሞች፦ ለጥራት ፍተሻ ፋስትኪውሲ እና ፋስትፒ፤ ብክለት ለመፈተሽ ክራከን2፤ ጂኖም ከጂኖም ለማሰለፍ ማመር፤ ሪዶችን በማመሳከሪያው (ሌሎቹ በሚነጻጸሩበት የተሟላ ጂኖም፣ በእኛ ምሳሌ በኤች37አርቪ) ላይ ለማሰለፍ ቢደብሊውኤ፤ ልዩነት ለማውጣት ሳምቱልስ እና ቢሲኤፍቱልስ፤ ለጂን ማብራሪያ ፕሮካ፤ የለውጡን ውጤት ለመተንተን ስኒፕኤፍ፤ በዓይን ለማየት አይጂቪ።
- የእያንዳንዱን ፕሮግራም እትምና የተጠቀሙበትን መለኪያ የሚመዘግቡበት ደብተር ወይም ፋይል።

ከመጀመርዎ በፊት ጥንቃቄ

ይህ መመሪያ የኮምፒውተር ሥራን ብቻ ይመለከታል። ሕያው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ማሳደግና ዲኤንኤ ማውጣት የደረጃ 3 ባዮሴፍቲ ላቦራቶሪና ሥልጠና ይጠይቃል፤ ናሙናው መሞቱ በላቦራቶሪው የጸደቀ ዘዴ ሳይረጋገጥ ከዚያ ክፍል መውጣት የለበትም። ናሙናዎ ከታማሚ የተወሰደ ከሆነ የታማሚው ስም፣ የካርድ ቁጥርና አድራሻ ወደ ፋይል ስም እንኳ እንዳይገባ ያድርጉ። በተጨማሪም የታማሚው ዲኤንኤ ከባክቴሪያው ጋር ተቀላቅሎ ሊነበብ ስለሚችል፣ የሰው የሆኑ ሪዶችን ሳያስወግዱ ጥሬ ፋይሉን ለማንም አይላኩ።

አሠራር

1. «ደካማ» ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጡ።

የማስያዝ ኃይሉ የተለካው በየትኛው እንስሳ ወይም በየትኛው ሴል ላይ ነው? የተለካው የሞት ቀን ነው ወይስ በሳንባ ውስጥ የተገኘው የባክቴሪያ ብዛት? ሁለቱ ስትሬኖች ከተለያዩ ወዲህ ስንት ጊዜ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ተሸጋግረዋል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ በቆየ ቁጥር ከበሽታ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ለውጦች ይጠራቀሙበታል። ኤች37አርቪን የመሰለ የታወቀ ስትሬን እንኳ በየላቦራቶሪው ያለው ክምችት ተመሳሳይ አይደለም። በላቦራቶሪ ሲያድግ ፒዲም የተባለውን የውጭ ቅባቱን የሚያጣ ሕዋስ በቀላሉ ይበዛል፤ ያን ያጣ ባክቴሪያ ደግሞ በእንስሳ ላይ ይደክማል። ስለዚህ ጂኖሙ የተነበበው ክምችት እንስሳቱ የተወጉበት ያው ክምችት መሆኑን ያረጋግጡ።

2. ጂኖሞቹን አውርደው ልክነታቸውን ይፈትሹ።

ለኤች37አርቪ ማመሳከሪያው በኤንሲቢአይ (የአሜሪካ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል) ማውጫ ኤንሲ_000962.3 በሚል ቁጥር የተቀመጠው ሲሆን ርዝመቱ 4,411,532 ቤዝ ነው። ለኤች37አርኤ በ2008 የታተመው 4,419,977 ቤዝ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 8,445 ቤዝ ነው፤ የበለጠው ደካማው መሆኑን ልብ ይበሉ። ኃይል ማጣት የግድ ጂን ማጣት ነው ብሎ የሚጀምር ሰው እዚሁ ላይ ይሳሳታል።

ኢንተርኔት መሃል ላይ ተቋርጦ የነበረ ከሆነ ፋይሉ ጎደሎ ሆኖ ሳለ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ሊከፈት ይችላል። የቤዞቹን ብዛት ቆጥረው ከላይ ካለው ቁጥር ጋር ያመሳክሩ፤ የጥሬ ሪዶቹን ደግሞ ከፋይሉ ጋር በሚመጣው የማረጋገጫ ኮድ ይፈትሹ።

3. የጥሬ ሪዶቹን ጥራትና ንጽሕና ይፈትሹ።

ለ4.4 ሚሊዮን ቤዝ ጂኖም 100 እጥፍ ጥልቀት (እያንዳንዱ ቤዝ በአማካይ 100 ጊዜ እንዲነበብ) ከፈለጉ 440 ሚሊዮን ቤዝ ያስፈልግዎታል፤ ሪዱ 150 ቤዝ ከሆነ ይህ ወደ 3 ሚሊዮን ሪድ ገደማ ነው። 50 እጥፍም ይበቃል፤ ዋናው ነገር የሁለቱ ስትሬኖች ጥልቀት መቀራረቡ ነው፣ አለበለዚያ በአንዱ የታየው በሌላው ያልታየው ሪድ ስላነሰ ብቻ ሊሆን ይችላል። በፋስትፒ አዳፕተሩን (ለማሽኑ ሲባል በዲኤንኤው ጫፍ የሚቀጠለውን ሰው ሠራሽ ቁራጭ) እና ጥራት የሌላቸውን ጫፎች ይቁረጡ። የዚህ ባክቴሪያ የጂሲ መጠን (ጂ ወይም ሲ የሆኑት ቤዞች ድርሻ) 65.6 በመቶ ስለሆነ፣ በፋስትኪውሲ ሥዕል ላይ ከ50 በመቶ አጠገብ ሁለተኛ ጉብታ ካዩ ሌላ ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው። ይህን በክራከን2 ያረጋግጡ። ሙሉ ማውጫው ብዙ ራም ስለሚጠይቅ 8 ጊጋባይት ላይ የተገደበውን እትም ይጠቀሙ።

4. ሁሉንም ጂኖሞች በአንድ ፕሮግራም ያብራሩ።

አንዱን ጂኖም ከነቆየ የጂን ማብራሪያው ወስደው ሌላውን በፕሮካ ቢያብራሩ፣ የጂን መነሻ ቦታዎች በፕሮግራም ልዩነት ብቻ ይለያያሉና «ይህኛው ውስጥ የሌለ ጂን» የሚል የሐሰት ዝርዝር ያገኛሉ። ሦስቱንም በአንድ እትም ያሠሩ።

5. በመጀመሪያ ማመሳከሪያውን ከራሱ ጋር ያነጻጽሩ።

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ እኔ ግን ያለ እርሱ የቀረበልኝን ውጤት አልቀበልም። የኤች37አርቪን ሪዶች በኤች37አርቪ ማመሳከሪያ ላይ ያሰልፉና ልዩነት ያውጡ። ሁሉም ነገር ፍጹም ቢሆን ውጤቱ ባዶ መሆን ነበረበት፤ ባዶ ግን አይሆንም። የሚወጣው ዝርዝር ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የማመሳከሪያው የቆየ ስሕተት፣ የእርስዎ ክምችት ከማመሳከሪያው የተለየበት ቦታ፣ እና የአሠራርዎ ጫጫታ። ሦስቱም ለጥያቄዎ መልስ አይሆኑም። ይህን ዝርዝር በፋይል ያስቀምጡት፤ በደረጃ 8 ከዋናው ዝርዝር ይቀነሳል።

6. የደካማውን ሪዶች በዚያው ማመሳከሪያ ላይ አሰልፈው ልዩነት ያውጡ።

ፕሮግራሙ እንደ ሰው ጂኖም ሁለት ቅጂ እንዳይጠብቅ ፕሎይዲውን 1 ያድርጉ። ለመነሻ የምመክራቸው መለኪያዎች፦ በቦታው ላይ ቢያንስ 10 ሪድ፣ የማሰለፍ ጥራት ቢያንስ 30፣ ከሪዶቹ ቢያንስ 90 በመቶው አዲሱን ቤዝ የሚደግፉ፣ ድጋፉም ከሁለቱም የዲኤንኤ አቅጣጫ የመጣ። የድጋፉ መጠን 40 ወይም 60 በመቶ ላይ የቆመበትን ቦታ ግን ዝም ብለው አይጣሉት፤ ናሙናው ሁለት ዓይነት ሕዋስ የተቀላቀለበት ነው፣ ወይም ያ ክፍል በጂኖሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገኛል። ለብቻው ይመዝግቡት።

በተጓዳኝ በማመር ሁለቱን የተሟሉ ጂኖሞች አንዱን ከሌላው ጋር ያሰልፉ። አጫጭር ሪዶች የማያሳዩትን የተገለበጠ ወይም የተዛወረ ክፍል የሚያሳይዎት ይህ ነው።

7. ተደጋጋሚ ክፍሎችን ይሸፍኑ።

በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ውስጥ ፒኢ እና ፒፒኢ የሚባሉ የጂን ቤተሰቦች ፕሮቲን ከሚሠራው የጂኖሙ ክፍል 10 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉና ጂሲያቸው ከፍተኛ ስለሆነ፣ 150 ቤዝ ያለው ሪድ ከየትኛው ቅጂ እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ ፕሮግራሙ በተሳሳተ ቅጂ ላይ ያስቀምጠውና ያልነበረ ሚውቴሽን ይፈጥራል። እነዚህን ቦታዎች በቤድ ፋይል (የየቦታው መነሻና መድረሻ በሚዘረዘርበት ፋይል) ዘርዝረው ከትንተናው ያስወጡ። መሸፈን «እዚያ ለውጥ የለም» ማለት እንዳልሆነ በሪፖርትዎ ላይ ይግለጹ። ቦታዎቹን መመርመር የግድ ከሆነ የፓክባዮ ወይም የናኖፖር ረጃጅም ሪዶች ያስፈልጉዎታል።

የራስዎ ባክቴሪያ ሌላ ከሆነ ደግሞ በእርሱ ውስጥ ያሉትን ተደጋጋሚ ክፍሎች ራሱን ከራሱ ጋር በማመር በማሰለፍ ያውጡ።

8. በምስክር ስትሬን ይቀንሱ።

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ሁለት ስትሬን ብቻ ይዘው የትኛው እንደተለወጠ ማወቅ አይችሉም፤ አንዱ ሲ ሌላው ቲ አለው ከማለት አያልፉም። ሦስተኛው ሲመጣ ነገሩ ይፈታል። ኤች37አርቪ እና ሲዲሲ1551 ሲ ኖሯቸው ኤች37አርኤ ብቻ ቲ ካለው፣ ለውጡ የደረሰው በደካማው ላይ ነው፤ ይህ እጩ ሆኖ ይቀራል። በተቃራኒው ኤች37አርኤ እና ሲዲሲ1551 ተመሳሳይ ሆነው ኤች37አርቪ ብቻውን ከተለየ፣ ለውጡ ወይም ስሕተቱ ያለው በኃይለኛው ማመሳከሪያ ላይ ነው። ሲዲሲ1551 ራሱ በሽታ የሚያስይዝ ስለሆነ፣ ከደካማው ጋር የሚጋራው ቤዝ ለድካሙ ምክንያት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ያስወጡት።

ይህ ቅነሳ ምን ያህል እንደሚያስወጣ በዚሁ ምሳሌ ይታያል። በ2008 የታተመው ንጽጽር በሁለቱ ስትሬኖች መካከል 198 የነጠላ ቤዝ ልዩነቶች አገኘ። ከእነዚህ 119ኙ ኤች37አርኤ ከሲዲሲ1551 ጋር የሚጋራቸው ነበሩ፤ 3ቱ ደግሞ የኤች37አርቪ ክምችቶች እርስ በርስ ከመለያየታቸው የመጡ ነበሩ። የቀሩት 76 ናቸው። በ2017 ደግሞ ኤች37አርኤ በፓክባዮ ረጃጅም ሪዶች እንደ አዲስ ተነብቦ ሲገጣጠም፣ ለእርሱ ብቻ የተለዩ የተባሉት ልዩነቶች ቁጥር ቀድሞ ከተነገረው ከግማሽ በታች ሆነ፤ ስሕተቱ የበዛውም በፒኢ እና ፒፒኢ ጂኖች ውስጥ ነበር። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት በእነዚያ የሐሰት ልዩነቶች ላይ የተመሠረቱ ድምዳሜዎችም ታትመው ነበር። ደረጃ 7ን ለመዝለል ሲያስቡ ይህን ያስታውሱ።

የደረጃ 5 ዝርዝርንም አሁን ይቀንሱ። ምስክር ሲመርጡ ለሁለቱ ስትሬኖች ቅርብ የሆነና የማስያዝ ኃይሉ የታወቀ ይሁን፤ በጣም የራቀ ከሆነ የራሱ ለውጦች እያደናገሩ ውጤቱን ያበላሻሉ።

9. ትላልቅ ጉድለቶችንና ጭማሪዎችን ለየብቻ ይፈልጉ።

የነጠላ ቤዝ ዝርዝር እነዚህን አያሳይም። በጂኖሙ ላይ ያለውን የሪድ ጥልቀት በየ100 ቤዙ አስልተው ይሣሉት፤ ወደ ዜሮ የወረደ ክፍል ጉድለት ነው፣ እጥፍ የሆነ ክፍል ደግሞ ድርብ ነው። አሠራርዎ መሥራቱን ለማረጋገጥ የቢሲጂ ክትባት ባክቴሪያን ሪዶች በኤች37አርቪ ላይ ያሰልፉ፤ አርዲ1 የተባለው 9.5 ሺህ ቤዝ ገደማ ያለው ክፍል ባዶ ሆኖ መታየት አለበት፣ ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 የተባሉት ፕሮቲኖች ጂኖችም በዚያው ክፍተት ውስጥ ይወድቃሉ። ይህን የታወቀ ክፍተት ያላገኘ አሠራር በእርስዎ ናሙና ላይ ያላገኘውን ነገር «የለም» ብሎ ለመመስከር ብቁ አይደለም።

አይኤስ6110 የሚባለው ተዘዋዋሪ ክፍል 1,355 ቤዝ ስለሚረዝም አጭር ሪድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይሸፍነውም። አይኤስማፐርን የመሰለ ለዚሁ የተሠራ ፕሮግራም ተጠቅመው በየትኛው ጂን ውስጥ ወይም ፊት እንደገባ ይመልከቱ።

10. የቀሩት ለውጦች በፕሮቲኑ ላይ የሚያደርጉትን ይተንትኑ።

በስኒፕኤፍ ለውጦቹን ይመድቡ፦ አሚኖ አሲድ የማይለውጡ፣ አሚኖ አሲድ የሚለውጡ፣ ፕሮቲኑን በአጭሩ የሚቆርጡ፣ ከጂኑ ፊት ባለው መቆጣጠሪያ ላይ የወደቁ። የመጨረሻዎቹን አይርሱ፤ ፕሮቲኑ ሳይለወጥ መጠኑ ብቻ ሊለወጥ ይችላል።

ፕሮግራሙ የሚሰጥዎትን ቢያንስ ለዋና እጩዎችዎ በእጅ ያረጋግጡ። ፎፒ የተባለውን ጂን እንውሰድ። በኤች37አርኤ ውስጥ 219ኛው አሚኖ አሲድ ከሰሪን ወደ ሉሲን ተለውጧል። 219ኛው ኮዶን (አንድ አሚኖ አሲድ የሚወስኑት ሦስት ቤዞች) የጂኑን ከ655ኛ እስከ 657ኛ ቤዝ ይይዛል፤ ሰሪንን በአንድ ቤዝ ለውጥ ሉሲን ማድረግ የሚቻለው የኮዶኑ መካከለኛ ሲ ወደ ቲ ሲለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ለውጡ 656ኛው ቤዝ ላይ መውደቅ አለበት። እርስዎ ያገኙት ሌላ ቦታ ከሆነ የጂኑን መነሻ ተሳስተዋል፣ ወይም ቆጠራውን ከ0 ጀምረዋል። ቀጥሎ ለውጡ በፕሮቲኑ የትኛው ክፍል ላይ እንደወደቀ ይዩ፤ ይህኛው ያረፈው ፎፒ ከዲኤንኤ ጋር በሚጣበቅበት ክፍል ላይ ነው። ፎፒ የሌሎች ብዙ ጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠር ፕሮቲን ስለሆነ፣ አንድ ቤዝ ብቻ ተለውጦ ውጤቱ ሰፊ የሚሆንበት ምክንያት ከዚህ ይገባል።

11. የቀረውን እያንዳንዱን ቦታ በዓይንዎ ይዩ።

እዚህ ሲደርሱ ዝርዝሩ በአንድ ቀን የሚታይ ሆኗል። አይጂቪን ከፍተው የሁለቱን ስትሬኖች ሪዶች አንዱን ከሌላው በላይ ያስቀምጡ። እውነተኛ ለውጥ በሪዶቹ መካከልም ጫፍም ላይ ይታያል፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይደገፋል። ለውጡ በሪዶች ጫፍ ላይ ብቻ ከተከማቸ፣ ወይም በ20 ቤዝ ውስጥ አራት አምስት ለውጦች ከተጨናነቁ፣ ምናልባት አጠገቡ ጭማሪ ወይም ጉድለት አለ፤ ሪዶቹም ተጣመው ተሰልፈዋል። ይጣሉት ወይም እንደገና ያሰልፉት።

12. እጩዎቹን በሠንጠረዥ ያቅርቡ።

ለእያንዳንዱ ቦታውን፣ ጂኑን፣ ለውጡን፣ ምስክሩ ያለውን ቤዝ፣ የሪድ ድጋፉን እና የጂኑን የታወቀ ሥራ ያስፍሩ። በዚህ ሥራ የሚገኘው እጩ ነው። ምክንያት መሆኑ የሚረጋገጠው ፈቃድ ባለው ላቦራቶሪ ውስጥ በሚደረግ ሌላ ሙከራ ነው፤ በጽሑፍዎም ሁለቱን አይቀላቅሉ።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ሁለቱን ስትሬኖች በተለያየ ማመሳከሪያ ላይ ማሰለፍ። የቦታ ቁጥሮቹ ስለማይገጣጠሙ ዝርዝሮቹን መቀናነስ አይቻልም።
- ከተለያየ የዘር ሐረግ የመጡ ሁለት የታማሚ ስትሬኖችን እንደ እኅትማማች ማነጻጸር። በመካከላቸው የሚገኙት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ልዩነቶች የዘር ሐረጋቸውን ርቀት እንጂ የማስያዝ ኃይላቸውን አይነግሩዎትም። እንዲህ ያለ ናሙና ካለዎት ከየወገኑ ብዙ ስትሬኖች ሰብስበው የዘር ሐረግን ያገናዘበ ስታቲስቲክስ መጠቀም ይኖርብዎታል።
- አሚኖ አሲድ የማይለውጡ ለውጦችን ያለምንም ምርመራ መጣል። ጥቂቶቹ ለሚቀጥለው ጂን መቆጣጠሪያ ይሆናሉ።
- የታወቁ የበሽታ አምጪ ጂኖችን ማውጫ ከፍቶ «አለ» ወይም «የለም» እያሉ ምልክት በማድረግ ብቻ መጨረስ። ኤች37አርኤ ቢሲጂ ያጣውን የአርዲ1 ክፍል አላጣም፤ የኢሳት-6 ጂንም አለው፤ በእንዲህ ያለ ፍተሻ ከኃይለኛው ጋር እኩል ሆኖ ይወጣል። ይሁን እንጂ ፎፒ ስለተበላሸበት ኢሳት-6ን ወደ ውጭ መላክ አይችልም። ጂኑ መኖሩን ካዩ በኋላ የሚቆጣጠረውንና የሚያስወጣውን ጂን ሁሉ ተከትለው ይፈትሹ።